ተከሳሹ ውጭ አገር ነው፣ መጥሪያው እንዴት ይድረሰው? ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማርቆስ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ መጻፍ ስጀምር ሰው የሚመጣው በድንበር፣ በብድር፣ በከብት ነበር። አሁን ገና ወንበር ሳይስብ "ተከሳሹ እኮ አሜሪካ ነው"፣ "ባሌ ሳውዲ ነው"፣ "ታላቅ እህታችን ቤይሩት ናት፣ የአባታችን ቤት በሷ ስም ነው ያለው" ይላል። ጥያቄው ተመሳሳይ ስለሆነ እኔም መልሱን መደጋገም ሰልችቶኝ እዚህ ላይ አሰፈርኩት። ጠበቃ አይደለሁም፣ ጠበቆች ጋ ብዙ የሠራሁ ጸሐፊ ነኝ፣ ቤትና ትልቅ ገንዘብ ያለበት ጉዳይ ከሆነ ጠበቃ ያዙ።

ቤቱ እዚሁ ቡሬ ነው ያለው፣ እኔም እዚሁ ነኝ፣ እሱ የግድ መጠራት አለበት እንዴ?

የግድ ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ ቁራኛ ሆነው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት፣ መንገደኛም "በሕግ አምላክ" ከተባለ ይቆም ነበር፣ ያ ሁሉ ጣጣ ሰው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት ነው። አሁን ያ ቋጠሮ መጥሪያው ነው በሉት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ (የ1958ቱ፣ እስካሁን የምንሠራበት) አንቀጽ 70 ላይ ተከሳሽ በቀጠሮው ቀን ሲቀር ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው መጥሪያ በደንብ ደርሶታል ወይ የሚለውን ነው። ከደረሰው በሌለበት ይታያል፣ መድረሱ ካልተረጋገጠ ሌላ መጥሪያ ይወጣል፣ ደርሶት ግን ጊዜው አጥሮት ከሆነ ቀጠሮ ይለወጣል፣ ያልደረሰው በከሳሹ ስንፍና ከሆነ ደግሞ መዝገቡ ይዘጋል። የመጨረሻዋን ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው መጥሪያውን ከመዝገብ ቤት ተቀብሎ ኪሱ ከቶ "እነሱ ያደርሱታል" ብሎ አገሩ ይገባል።

ውጭ ላለ ሰው ታዲያ በምን በምን መንገድ ይደርሳል?

ያው መንገዱ ብዙ ነው፣ የሚመርጠው ግን ዳኛው ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። አገር ቤት ክስ ለመቀበል ሥልጣን ያለው ወኪል ካለው ለወኪሉ፣ ከሌለ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲ በኩል፣ ወይ በሪኮማንዴ ፖስታ፣ ወይ እዛው አገር በሚፈቀድ ሰው በእጁ፣ ይሄ ሁሉ አልሆን ሲል በጋዜጣ። ስለዚህ ክሱ ላይ አድራሻውን ስትጽፉ አብራችሁ "መጥሪያው በዚህ መንገድ እንዲደርስልኝ" ብላችሁ አመልክቱ፣ ምክንያቱንም ጻፉ። ዝም ብሎ "አሜሪካ" ብሎ የተጻፈ አድራሻ አድራሻ አይደለም፣ አሜሪካ ለመጥሪያ አድራሽ የቤት ቁጥር፣ የመንገድ ስም፣ ከተማ፣ ስቴት፣ ዚፕ ኮድ ይፈልጋል። እኛ "ከሚካኤል ጀርባ፣ የነ እንትና ግቢ" ብለን ስለለመድን ይሄ ይረሳናል።

ወንድሙ እዚህ ውክልና አለው፣ ቤቱንም የሚያከራየው እሱ ነው። ለወንድሙ ብሰጠው አይበቃም?

ውክልናውን አንብቡት። በጣም ነው የምላችሁ፣ አንብቡት! የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና የሚያስፈልጋቸውን ነገሮች ሲዘረዝር ቤት መሸጥ ማስያዝ፣ መታረቅ፣ ስጦታ መስጠት ይልና በፍርድ ቤት መክሰስና መከራከርንም ይጨምራል። ስለዚህ "ቤቴን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲሰበስብ" የሚል ብቻ ከሆነ ወንድምየው ለክርክር ወኪል አይደለም፣ ነገ መጥቶ "እኔ ኪራይ ሰብሳቢ ነኝ እንጂ እንድከራከር አልወከለኝም" ቢል ልክ ነው። "በማናቸውም ፍርድ ቤት እንዲከስ፣ ሲከሰስ መልስ እንዲሰጥ፣ መጥሪያ እንዲቀበል" የሚል ካለበት ግን ተገላገላችሁ፣ ተከሳሹ ዳላስ ይሁን ደብረ ኤልያስ ለውጥ የለውም።

ችግሩ ውክልናውን ማን ያሳያችኋል ነው። ብዙ ጊዜ እዚህ ውል ሲዋዋል ያስገባው ኮፒ ማዘጋጃ ቤት ማህደር ውስጥ ይገኛል፣ ወይ ሰነድ ማረጋገጫ ጋ። ቁጥሩንና የተሰጠበትን ቀን ካወቃችሁ ፍርድ ቤቱ ራሱ ኮፒው እንዲቀርብ ሊያዝላችሁ ይችላል። ኤምባሲ የተሰጠ ውክልና ከሆነ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ የተረጋገጠ መሆኑን እዩ። ሌላ ደግሞ ውክልና ይሻራል፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያያችሁት ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

ሄግ ስምምነት የሚባል አለ ይላሉ፣ በሱ አይሆንም?

ለኛ አይሠራም። ስምምነቱ አለ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 15 ቀን 1965 ሄግ ላይ የተፈረመ ነው፣ አባል አገሮች እያንዳንዳቸው አንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ይመድቡና መጥሪያ በቀጥታ ይላላካሉ፣ በኤምባሲ መንከራተት የለም። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ስዊድን፣ ጣሊያን፣ እስራኤል፣ ካናዳ አባል ናቸው። ኢትዮጵያ ግን አባል አይደለችም፣ ስለዚህ አሜሪካ አባል መሆኗ ብቻውን ለኛ ምንም አያደርግልንም፣ ሁለቱም ወገን መሆን አለበት። የሚገርመው ያ ስምምነት የተፈረመው የኛው የሥነ ሥርዓት ሕግ በወጣ በአንድ ወሩ አካባቢ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ሁለቱም 1958 ናቸው። ዩቲዩብ ላይ "ፎርሙን ሞልታችሁ ላኩ" የሚሉትን አይታችሁ ብር እንዳታወጡ፣ እነሱ የሚያወሩት አባል ለሆኑ አገሮች ነው።

በውጭ ጉዳይ በኩል ሲሆን ምን ይመስላል? ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ይሄኛው መንገድ የዳኝነት ትብብር ጥያቄ ይባላል፣ አንድ ፍርድ ቤት የሌላ አገር ፍርድ ቤትን "ይሄንን መጥሪያ ለዚህ ሰው አድርስልኝ" ብሎ በደብዳቤ የሚለምንበት ነው። ፍርድ ቤቱ ትዕዛዝና ደብዳቤ ይጽፋል፣ ወረቀቱ በየደረጃው አልፎ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይደርሳል፣ ከዛ ወደ ኤምባሲያችን፣ ኤምባሲው ለዛ አገር ውጭ ጉዳይ ይሰጣል፣ እነሱ ለሚመለከተው አካል ይመሩታል፣ ከደረሰ በኋላ ማረጋገጫው በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል። አሜሪካ ከሆነ የሚቀበለው የነሱ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፣ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴራቸው ይመራዋል።

ክሱና መጥሪያው ከነማስረጃው በዛ አገር ቋንቋ መተርጎም አለበት፣ ለሳውዲና ለኤምሬትስ አረብኛ፣ ለአሜሪካ እንግሊዝኛ። ትርጉሙ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ካልሆነ ይመለሳል። ኮፒ አታሳንሱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አንዳንድ ይቀራል። ስምን ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስጽፉት፣ እኛ "ጌታቸው" የምንለው በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፣ አንዱ ፊደል ሲለይ "እኔ አይደለሁም" ይላል።

ጊዜው? የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ራሱ በዚህ መንገድ የሚሄድ ነገር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል ነው የሚለው። ስለዚህ ቀጠሮ ሲሰጣችሁ የወር ቀጠሮ ተቀብላችሁ አትውጡ፣ ዳኛውን "ክቡር ፍርድ ቤት፣ በኤምባሲ ስለሚሄድ ረዘም ያለ ይሰጠን" በሉ። ካልሆነ በየወሩ ከሞጣ ማርቆስ እየተመላለሳችሁ "መጥሪያው አልተመለሰም" ተብሎ ቀጠሮ ሲለወጥ ትራንስፖርቱ ይጨርሳችኋል። ነሐሴና መስከረም ደግሞ ፍርድ ቤት ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር ለክረምት ይዘጋል፣ እሱንም ቁጠሩት። መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

እና መዝገቡን ተከትላችሁ አዲስ አበባ ድረስ የሚጠይቅላችሁ ሰው ይኑር። የደብዳቤውን ቁጥርና ወጪ የሆነበትን ቀን ያዙ። ያለቁጥር ጠያቂ የትም ቢሄድ "አልደረሰንም" ነው መልሱ፣ ቁጥር ይዞ የሄደ ግን ማህደሩ ይወጣለታል።

የአክስቴ ልጅ እዛው ቨርጂኒያ ነው፣ ወረቀቱን ሄዶ እጁ ላይ ቢሰጠው አይሻልም?

እንደ አገሩ ነው።

አሜሪካ ላይ ሕጉ ላላ ያለ ነው፣ የውጭ አገር መጥሪያ በግል መጥሪያ አድራሽ እንዲደርስ አይከለክሉም። ይሄን ለሥራ የያዙ ሰዎች በየከተማው አሉ፣ ሰውየውን ቤቱ ወይ ሥራ ቦታው ሄደው ይሰጡትና በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ቦታ ሰጥቼዋለሁ ብለው በመሐላ ይፈርሙላችኋል። ያ ቃለ መሐላ እዛው ኖታሪ ጋ ይፈረማል፣ ቀጥሎ የስቴቱ ጽሕፈት ቤት፣ ከዛ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ፣ ከዛ ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን ያረጋግጡታል፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ መጨረሻ ላይ ማህተም ያደርጋል። የአክስት ልጅ ቢሰጠውስ? ይችላል፣ ግን ዘመድ ስለሆነ ሰውየው "አልሰጠኝም፣ ተጣልተን ነው" ሲል የማን ቃል ይታመናል? ለማያውቀው ባለሙያ ትንሽ ዶላር ከፍሎ ማሠራት ይሻላል። ዋናው ግን አስቀድማችሁ ከዳኛው ማስፈቀድ ነው፣ በራሳችሁ አድርሳችሁ መጥታችሁ "አደረስኩ" ብትሉ ላይቀበል ይችላል።

ስዊዘርላንድ ግን ተጠንቀቁ። እዛ ያለ ፈቃድ የውጭ አገር ፍርድ ቤት ወረቀት ማደል ወንጀል ነው፣ የወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 271 ይሄን የመንግሥት ሥራ መንጠቅ አድርጎ ነው የሚያየው። ያንን ምስኪን የአክስት ልጅ ጄኔቭ ላይ ለእስር ትዳርጉታላችሁ። ጀርመንም ጥብቅ ናት፣ በመደበኛው በመንግሥት መንገድ ብትሄዱ ነው የሚሻለው። አረብ አገር ያለች ልጅ ከሆነች ደግሞ ብዙ ጊዜ አድራሻዋ የአሠሪዎቿ ቤት ነው፣ በር አንኳኩቶ የፍርድ ቤት ወረቀት መስጠት እሷ ላይ ምን እንደሚያመጣ አስቡ፣ ሪያድ ኤምባሲ ወይ ጅዳ ቆንስላ ጠርተው ቢሰጧት ለሁሉም ይሻላል።

በዋትሳፕ ብልክለትስ? አይቶታል፣ ሁለት ሰማያዊ ጭረት አለ!

ይሄ በሳምንት ስንቴ ነው የሚጠየቀው። ሰማያዊ ጭረት ስልኩ ላይ መከፈቱን ያሳያል እንጂ ማን እንደከፈተው አያሳይም። ዳኛ ትዕዛዝ ከሰጠ በኢሜይልም በቴሌግራምም ሊደርስ ይችላል፣ ያለ ትዕዛዝ ግን የላካችሁት ነገር ወሬ ነው። ቢሆንም ቻቱን አታጥፉት! "ክስ መመሥረትሽን ሰምቻለሁ፣ አልመጣም፣ የፈለግሽውን አድርጊ" ብሎ የጻፈላት ባል አይቻለሁ፣ ያቺ መልእክት ስልኩ የሱ መሆኑንና ክሱን ማወቁን ስላሳየች ዳኛው በዛው ቁጥርና በኢሜይሉ ይላክለት ብሎ አዘዘላት። እና ስክሪንሹቱን ከነስልክ ቁጥሩና ከነቀኑ አሳትማችሁ ከማመልከቻው ጋ አያይዙት።

ለምን በኩር ጋዜጣ ላይ አውጥተን አንገላገልም?

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ረዘም አርጌ ላውራ።

በጋዜጣ መጥራት በሕግ አለ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 105 ላይ ምትክ መጥሪያ አደራረስ የሚባለው ነው፣ ፍርድ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይና ሰውየው መጨረሻ የኖረበት ቤት ላይ መለጠፍም እዛው አለ። ክልል ላይ ብዙ ጊዜ በኩር ላይ ነው የሚወጣው፣ አንዳንዴ አዲስ ዘመን። ግን ይሄ መጨረሻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ሲል። ዳኛው "አድራሻውን በትጋት ፈልገሃል ወይ" ብሎ ይጠይቃል፣ ከሳሹ በመሐላ "አድራሻውን አላውቅም" ይላል፣ ጋዜጣ ይወጣል፣ ሰውየው አይመጣም፣ በሌለበት ይፈረዳል። ለአንድ ዓመት ደስታ ነው።

አንድ የማውቀው ጉዳይ ልንገራችሁ፣ ስም አልጠራም። ወንድማማቾች ናቸው፣ ከደምበጫ ወጣ ያለ አካባቢ፣ የናታቸውን ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ነው የሚካፈሉት። ታናሽየው አሜሪካ ነው፣ በየፋሲካው ብር ይልካል፣ ስልኩ እዚህ ያለው ወንድም ስልክ ውስጥ አለ። እዚህ ያለው ከሰሰና "የት እንዳለ አላውቅም" ብሎ ማለ፣ እኔም ጻፍኩለት፣ ዝም ብዬ መጻፌ ዛሬም ይቆጨኛል። በጋዜጣ ወጣ፣ በሌለበት ተፈረደ፣ ቤቱ በስሙ ዞረ፣ ሸጠው። በዓመት ተኩል ታናሽየው ለጥምቀት መጣ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጧል። የሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 78 መጥሪያ በደንብ ያልደረሰው ሰው ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ይነሳልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል ይላል። ልብ በሉ፣ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አይደለም የሚቆጠረው፣ ካወቀበት ቀን ነው፣ እሱ ያወቀው ያኔ ለጥምቀት ሲመጣ ነው። የላከበትን የባንክ ደረሰኝ ሁሉ ይዞ መጣ፣ ከነስልክ ቁጥሩ። ፍርዱ ተነሳ። ቤቱን የገዛው ሰው ከሻጩ ጋ ሌላ ክስ ገጠመ፣ ሻጩ በሐሰት በመማሉ ፖሊስ ጋ ተጠራ፣ ወንድማማቾቹ እስካሁን ለቅሶ ላይ አይተያዩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይሄ ነው።

ስለዚህ አድራሻ ካወቃችሁ ተናገሩ። ዓመት ቢፈጅም።

በእውነት አላውቅም ግን። ቤተሰቡም ይደብቀኛል።

እሺ፣ እንግዲያው አለማወቃችሁን አሳዩ። ለቀበሌው ጻፉ፣ የቅርብ ዘመዶቹን በምስክርነት ጥሩ (ለእናንተ "አላውቅም" ያሉት ዳኛ ፊት ሲማሉ ብዙ ጊዜ ያውቃሉ)፣ ብር የሚልክበት ባንክ ካለ ፍርድ ቤቱ ያለውን መረጃ እንዲሰጥ ይዘዝላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ወይ የእድር ሰው ጠይቁ። የፌስቡክ ገጹን አሳትሙ፣ የሚሠራበትን ድርጅት የለጠፈ ስንት ሰው አለ። ይሄን ሁሉ ሞክራችሁ ካልተገኘ በጋዜጣ ይጠራልኝ ብላችሁ ስታመለክቱ የሞከራችሁት ሁሉ ተያይዞ ይሂድ፣ ያኔ ሰውየው በኋላ ቢመጣም ፍርዳችሁ በቀላሉ አይፈርስም።

ባሌ በሱዳን በኩል ወጥቶ ስድስት ዓመት ሆነው፣ ድምፁም የለ። መጥሪያ ለማን ልስጥ?

እቴ፣ ይሄ የመጥሪያ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ ከሁለት ዓመት ወዲህ ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወቅ መጠየቅ ይቻላል ይላል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 75 ላይ ደግሞ ጋብቻ ከሚፈርስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ የመጥፋት ውሳኔ ነው፣ አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 79/1995) ስላለው ጠበቃሽ በሱ ያየዋል። ግን ወሬው አልተሰማም ማለት እውነት ያልተሰማ መሆን አለበት፣ ባለፈው ዓመት ለናቱ ደውሎ ከሆነ አይሆንም፣ ያኔ መደበኛ ፍቺ ነው።

ዜግነት ቀይሯል፣ የሚለወጥ ነገር አለ?

አለ፣ የት ነው የምትከሱት የሚለው ይለወጣል። የውጭ አገር ዜጋ ያለበት የፍትሐ ብሔር ክርክር በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሥር ነው፣ አሁን ያለው አዋጅ 1234/2013 ነው። አማራ ክልል ላይ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ውክልና ስላለ አዲስ አበባ አትሄዱም፣ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃውን ሥራ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛውን ደግሞ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየዋል። ስለዚህ ወረዳ ላይ ከሳችሁ ዓመት ሙሉ መጥሪያ ስትጠብቁ ከርማችሁ ተከሳሹ መጥቶ "እኔ አሜሪካዊ ነኝ፣ ይሄ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም" ቢል መዝገቡ ይዘጋል፣ ሁሉም ከዜሮ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (ቢጫ ካርዱ) የያዘም ቢሆን ዜግነቱ የውጭ ነው። ሳትከሱ በፊት ይሄን አጣሩ።

እኔ ደግሞ ተከሳሽ ነኝ። ከአሜሪካ ፍርድ ቤት ወረቀት በፖስታ መጣልኝ፣ እንግሊዝኛ ነው። ልቀበል ወይስ ልመልስ?

አለመቀበል አያድንም። ብዙ ጊዜ እዛ ያለ ባል ፍቺ ጠይቆ ነው፣ ወይ የልጅ ጉዳይ። አሜሪካኖች ከኛ ጋ የጋራ ስምምነት ስለሌላቸው በውጭ ጉዳይ በኩል ሊልኩ ይችላሉ፣ ያ ለነሱም ውድ ነው፣ መሥሪያ ቤታቸው ለዚህ 2,275 ዶላር ያስከፍላል፣ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ሌላ መንገድ ይሞክራል። የፌዴራል ሕጋቸው ፍርድ ቤቱ ራሱ ፊርማ በሚጠየቅበት ፖስታ እንዲልክ፣ ወይ በእጅ እንዲሰጥ፣ ወይ ዳኛ ካዘዘ በኢሜይልና በመሳሰሉት እንዲደርስ ይፈቅዳል። አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኞች ግን መጥሪያ አያድሉም፣ ሕጋቸው ይከለክላቸዋል፣ "ከኤምባሲ ነው" ብሎ የመጣ ሰው ካለ ጠርጥሩ።

መጀመሪያ የሚታየው ቀን ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤታቸው መልስ መስጫው 21 ቀን ነው። መጥሪያውን በመደበኛ መንገድ ሳያደርሱኝ ተቀብያለሁ ብላችሁ በፈቃዳችሁ ከፈረማችሁ ግን ውጭ አገር ላለ ተከሳሽ 90 ቀን ይሰጣል፣ ልፈርም አልፈርም ብሎ ማሰቢያው ደግሞ 60 ቀን ነው። የስቴቶቹ ይለያያል፣ ካሊፎርኒያ 30 ቀን፣ ቴክሳስ የሚያስቅ ነው፣ 20 ቀን ካለፈ በኋላ ያለው ሰኞ ጠዋት 10 ሰዓት ነው የሚለው (እዛው ቴክሳስ ባለው ሰዓት፣ በኛ አጠራር ጠዋት አራት ሰዓት የምንለው ነው)። ስለዚህ ፖስታው ላይ ያለውን ቀንና የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉ፣ ዛሬውኑ አስተርጉሙ፣ ካስፈለገም እዛ ያለ ዘመድ ጠበቃ ይጠይቅላችሁ። ፖስታ ሳጥን ለሌላት የገጠር ሴት በሰው ሳጥን የመጣ ወረቀት እጇ ላይ ሲደርስ ቀኑ ብዙ ጊዜ አልቋል፣ ያ ራሱ መከራከሪያ ነው፣ ፖስታውን ከነማህተሙ አትጣሉ።

እዛ የተፈረደው እዚህ ይፈጸማል? እዚህ የተፈረደውስ እዛ?

እዚህ የሚፈጸመው በራሱ አይደለም፣ ማመልከቻ ይቀርባል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 458 ያኛው አገር የኛን ፍርድ ይፈጽማል ወይ፣ ፍርድ ቤቱ በሕግ የተቋቋመ ነው ወይ፣ ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል ነው ወይ፣ ከሕዝብ ሞራልና ሰላም ጋ አይጋጭም ወይ ይላል፣ ከነዚህ ጋ ደግሞ የተፈረደበት ሰው ቀርቦ የመከላከል ዕድል አግኝቶ ነበር ወይ የሚል አለ። አያችሁ መጥሪያዋ እንደገና መጣች። በተቃራኒውም እንደዛው ነው፣ የእኛን የገንዘብ ፍርድ ይዛችሁ አሜሪካ ብትሄዱ ብዙዎቹ ስቴቶች ተከሳሹ በቂ ጊዜ ቀደም ብሎ አውቆ ነበር ወይ ብለው ይጠይቃሉ፣ በበኩር ብቻ የተጠራ ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ላይ ያ ፍርድ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ንብረቱ ሁሉ እዚህ ከሆነ ችግሩ ያን ያህል አይደለም፣ ደሞዙ እዛ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው በደንብ አድርሱት።

መጥሪያ እስኪደርስ ድረስ ቤቱን ቢሸጠውስ?

ክስ ስታስገቡ አብራችሁ የእግድ ማመልከቻ አስገቡ። እግድ መጥሪያ እስኪደርስ አይጠብቅም፣ ዳኛው ካመነበት ለማዘጋጃ ቤቱ በቀጥታ ይጽፋል፣ ስም እንዳይዞር ይታገዳል። የእግዱን ደብዳቤ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱና ለካርታና ፕላን ክፍሉ ገቢ አስደርጉ፣ ገቢ የሆነበትን ማህተም ያለበትን ኮፒ ውሰዱ። ይሄን ሳያደርግ እቤቱ የተቀመጠ ሰው አለ፣ እግዱ መዝገብ ውስጥ እያለ ቤቱ ተሸጠ።